የቤልቮር ምሽግ፦ ግንቡ ሳይፈርስ ለምን እጅ ሰጡ?

የአፉላው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ የድንጋይና የግንብ ነገር የገባችሁ ሰዎች ስላላችሁ አንድ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ጥያቄው የአባቴ ነው።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት አባቴን ይዤ እዚህ እስራኤል ውስጥ ወዳለው ኮኻቭ ሃያርደን ወጣሁ። ስሙ በዕብራይስጥ የዮርዳኖስ ኮከብ ማለት ነው። አረቦቹ ከውከብ አልሀዋ፣ የነፋስ ኮከብ ይሉታል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት የመስቀል ጦረኞች ደግሞ ቤልቮር ነበር የሚሉት፤ በፈረንሳይኛ መልካም እይታ እንደማለት ነው። ከዮርዳኖስ ሸለቆ በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ነፋሱ ኮፍያ አያስቀርም። ማዶ የጊልዓድ ተራሮች ይታያሉ።

አባቴ እይታውን ዞር ብለው አላዩትም። አገር ቤት ሳሉ ጎንደር ገጠር ውስጥ ግንበኛ ነበሩ። ከመኪና እንደወረዱ ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱና መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። ጥቁር ባዛልት ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ትልቅ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ከጎረቤቱ ጋር የተገጠመ። በአውራ ጣታቸው መጋጠሚያውን ተከትለው ሄዱ። ከዚያ «ይህ ድንጋይ መሮ ይበላል» አሉኝ። «አንዱን ለመጥረብ ስንት ቀን ፈጅቶባቸው ይሆን?»

ጠባብ ደረጃ ወርደን ከታች ባለው ጉድባ ዞርን። ስንወጣ ታሪኩን ነገርኳቸው። የግብፅና የሶሪያ ገዥ የነበረው ሰላሀዲን ከቦት ነበር፣ ዓመት ከመንፈቅ ቆዩ፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቶቹ እጅ ሰጡ አልኳቸው። ውስጠኛው ግንብ ግን አልተሰበረም ነበር። አባቴ ዝም ብለው ቆዩና «ግንቡ ካልፈረሰ ለምን እጅ ሰጡ?» አሉ። መመለስ አቃተኝ። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የምታውቁ አስረዱኝ።

ኖራና ድንጋይ

በመጀመሪያ አባትህን ሰላም በልልኝ። እድሜና ጤና ይስጥልን። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ እሳቸው መጋጠሚያ መፈተሻቸው ደስ አለኝ።

ሥራዬ ሥነ ሕንፃ ነው፣ ቤልቮርን ተማሪ ሳለሁ በፕላን ደረጃ አጥንቼዋለሁ። ለጥያቄው መልስ ከመስጠቴ በፊት ግንቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ልናገር። መልሱ ከዚያ ይወጣል።

ቤልቮር ሁለት ግንብ ነው፣ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ። ውጪኛው አራት ማዕዘን ነው፤ በየማዕዘኑና በየጎኑ መሃል ማማ አለው። በሦስት በኩል ከአለት የተፈለፈለ ጉድባ ከቦታል፤ ስፋቱ 20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ። በአራተኛው በኩል፣ በምሥራቅ፣ መሬቱ ራሱ ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ ጉድባ አላስፈለገም። እዚያ ወጣ ያለ ትልቅ የፊት ምሽግ ሠሩ። በውስጥ ደግሞ ሌላ አራት ማዕዘን አለ። በየማዕዘኑ ማማ፣ በምዕራብ በኩል የበር ማማ፣ መሃሉ ላይ ግቢ።

አሁን አባትህ የጠየቁትን የድንጋይ ነገር እንየው። ድንጋዩን ከሩቅ አላመጡትም። ጉድባውን ሲፈለፍሉ የወጣው ባዛልት ነው ወደ ላይ የተገነባው። በአንድ ሥራ ሁለት ነገር አገኙ ማለት ነው፦ ጠላት የማይሻገረው ጥልቀትና ጠላት የማይወጣው ከፍታ። አባትህ ጉድባው ውስጥ ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ የነበሩበት ቦታና የሚያዩት ግድግዳ በፊት አንድ አለት ነበሩ።

ሁለተኛ፣ የወረዳችሁበት ጠባብ ደረጃ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከውጪኛው ማማዎች ወደ ጉድባው የሚያወጣ የጓሮ በር ነው። ጠላት ጉድባው ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ሊሰረስር ሲሞክር የግንቡ ሰዎች በዚያ በር ሹልክ ብለው ከኋላው ይደርሱበታል። ከውጭ አይታይም። ከላይ ቀስት፣ ከጎን ሰይፍ። ይህን ያሰበ ሰው ጦር ሜዳ ላይ የዋለ ሰው ነው።

በሩም እንዲሁ። ዋናው መግቢያ በምሥራቅ ነው። ገብተህ ወደ ውስጠኛው ግንብ ለመድረስ ግን ዞረህ በምዕራብ መምጣት አለብህ፣ የውስጠኛው በር እዚያ ነውና። መንገዱን በሙሉ ከላይ እየታየህ ትሄዳለህ። በሩ ራሱም ቀጥ ብሎ አያስገባም፤ ታጥፎ ነው የሚያስገባ። ፈረሰኛ እየጋለበ አይገባም። ግንድ ተሸክሞ በር የሚደበድብ ጦር መንደርደሪያ አያገኝም።

የከበባውን ጉዳይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አለ፣ ለእሱ ልተውለት።

ወለተ ሥላሴ

ይቅርታ፣ ከመቀጠላችሁ በፊት። የሠሩት ቴምፕላሮች ናቸው አይደል? አንድ ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ሲባል ሰምቻለሁ።

ዘመን ቆጣሪ

አይደሉም እህቴ። ሆስፒታለሮች ናቸው። ብዙ ሰው ይደባልቃቸዋል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ፈረሰኛ መነኮሳት ናቸው። መነሻቸው ግን የተለያየ ነው። ሆስፒታለሮች ስማቸው እንደሚነግርሽ ከሆስፒታል ነው የተነሱት። ኢየሩሳሌም ውስጥ የታመሙና የደከሙ ተሳላሚዎችን ያስታምሙ ነበር። በ1113 የሮማው ጳጳስ ጳስካል 2ኛ ለማኅበሩ እውቅና ሰጡ። እየቆየ መንገደኛ መጠበቅ፣ ከዚያ መዋጋት፣ ከዚያ ግንብ መያዝ መጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቤልቮርን መጀመሪያ የያዘው ቬሎስ የሚባል የጥብርያዶስ ባላባት ቤተሰብ ነበር። በ1168 ለሆስፒታለሮች ሸጡት። የማኅበሩ የበላይ ዢልበር ዳሳይ ነበር፤ ግንባታውን ያስጀመረው እሱ ነው።

ወንድሜ የአፉላው ልጅ፣ አሁን ወደ አባትህ ጥያቄ ልምጣ።

ሐምሌ 4 ቀን 1187 የሒጢን ጦርነት ሆነ። ከጥብርያዶስ ባሕር በስተ ምዕራብ ያለ ቦታ ነው። የመስቀል ጦረኞቹ የኢየሩሳሌም መንግሥት ያለ የሌለውን ጦር ሰብስቦ ሰላሀዲንን ሊገጥም ወጣ። ከየግንቡ ተዋጊ ተመርጦ ተወስዶ ነበር። ውሃ በሌለበት ሜዳ፣ በሐምሌ ሐሩር፣ በአንድ ቀን አለቀ። ንጉሡ ጊ ተማረከ። ከዚያ በኋላ ከተሞቹ አንድ በአንድ ወደቁ። የወደብ ከተማዋ ዓካ ወዲያው፣ ኢየሩሳሌም በጥቅምት መጀመሪያ።

ቤልቮር ግን አልወደቀም። ሰላሀዲን ከበባ ጣለበትና ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። የቤልቮር ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1188 መጀመሪያ ላይ፣ ዝናብና ብርድ ባለበት ሌሊት፣ ወጥተው ከበባውን የያዘውን ጦር በተኛበት መቱት። አዛዡ ሞተ። ስንቅና መሣሪያ ጭነው ወደ ግንባቸው ተመለሱ። ከበባ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲያደርግ አስብ።

ከዚያ ዓመቱ እየገፋ ሄደ። በኅዳር 1188 ከዮርዳኖስ ወንዝ ማዶ ያለው የመስቀል ጦረኞች ግንብ ከረክ እጅ ሰጠ። በታኅሣሥ ደግሞ ጸፋት ወደቀ፣ የቴምፕላሮቹ ግንብ። ያኔ ሰላሀዲን ራሱ ወደ ቤልቮር መጣ። ክረምት ነበር። አብሮት የነበረው ዳኛና ታሪክ ጸሐፊ ባሃ አድዲን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ጭቃው ጽፏል። እዚያ አፋፍ ላይ በክረምት ቆመህ ካየህ ይገባሃል። ቆፋሪዎቹ ከምሥራቅ በኩል ባለው የፊት ምሽግ ሥር ሰርስረው አንድ ማማ ጣሉ። ጥር 5 ቀን 1189 ጠባቂዎቹ እጅ ሰጡ። ነፍሳቸው ተጠብቆላቸው ገና በክርስቲያኖቹ እጅ ወደነበረችው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ጢሮስ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው።

አየህ፣ የፈረሰው የውጪው ጫፍ ነው። ውስጠኛው ግንብ እንዳለ ነበር። ሁለተኛውን ግንብ ይዘው ሌላ ወራት ሊቆዩ ይችሉ ነበር። ግን ለማን ብለው ይቆያሉ?

አንድ ምሽግ ብቻውን ጦርነት አያሸንፍም። ሥራው ጊዜ መግዛት ነው። «ስድስት ወር ያዙት፣ ጦር እንልካለን» ይባላል። የሚላከው ጦር ሒጢን ላይ አልቋል። ኢየሩሳሌም የለችም። ጎረቤት ግንቦች የሉም። ግድግዳው የሚጠብቀው ሰው አይመጣም። አባትህ ግንበኛ ናቸውና ግንቡን ነው ያዩት፤ ግንቡ ሥራውን ሠርቷል። መምጣት የነበረበት ጦር ነው ያልመጣው።

ኖራና ድንጋይ

ዘመን ቆጣሪ እንዳለው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ሁለት ግንብ ለምን አስፈለገ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው መልሱ ጦርነት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች መነኮሳት ነበሩ። የጸሎት ሰዓት አላቸው፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ምሽጉ ውስጥ ደግሞ ደሞዝተኛ ወታደር፣ ሠራተኛ፣ ፈረስ ጠባቂ አለ። ውስጠኛው ግንብ የመነኮሳቱ ቤት ነው፤ በግቢው ዙሪያ ማዕድ ቤት፣ መመገቢያ፣ ማከማቻ፣ ከላይ መኝታና ጸሎት ቤት። ውጪኛው ለሌላው ሰው፣ ለፈረሱ፣ ለእህሉ። ገዳም አስብ፣ ከዚያ ዙሪያውን ምሽግ አልብሰው።

ማዕድ ቤቱ ውስጥ ምድጃዎቹ አሁንም ይታያሉ። በውጪው ግቢ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድና አጠገቡ መታጠቢያ ቤት አለ። ዓመት ከመንፈቅ የቆዩት በዚያ ውሃ ነው።

ሌላው የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ሶሪያ ውስጥ ያለው ክራክ ደ ሼቫሊየር የተባለው ግንብ በዓለም የታወቀ ነው፣ ሁለት ቀለበት ግድግዳ አለው ተብሎ ይወደሳል። የውጪው ቀለበቱ ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው። ነባር ግንብ ላይ እየቀጠሉ። ቤልቮር ከዚያ አስቀድሞ ከመሠረቱ ሁለት ሆኖ ታስቦ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባንድ ጊዜ የተሠራ ነው። አንድ እጅ የሣለው ፕላን ነው። ለእኔ ከክራክ ይበልጣል። የሚቃወመኝ ይኖራል፣ ይቃወመኝ።

ከአማን

እኔ ልቃወምህ አልመጣሁም ወንድሜ፣ ግን ከረክን አትርሱብኝ።

እዚህ ዮርዳኖስ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ አሠሪዎቼ ቤተሰብ ሊጠይቁ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱና ከረክን አየሁት። የተጀመረው በ1142 ነው። ረጅም፣ ጠባብ፣ በተራራ ጫፍ ላይ የተዘረጋ ነው፤ እንደ ቤልቮር አራት ማዕዘን አይደለም። የምድር ውስጥ አዳራሾቹ ጣሪያቸው ቅስት ነው። ብርሃኑ የሚገባው በትንንሽ ቀዳዳ ነው። በጠራራ ፀሐይ ገብታችሁ ቀዝቃዛ አየር ፊታችሁን ይመታችኋል።

የከረክን ሠርግ ሰምታችኋል? በ1183 ሰላሀዲን ከቦ ሳለ ውስጥ ሠርግ ነበር። ሙሽራዋ ኢዛቤላ የንጉሡ እህት ናት፣ ገና 11 ዓመቷ። ሙሽራው ሐምፍሬይ ነው። የሙሽራው እናት ከሠርጉ ምግብ ለሰላሀዲን ላኩለት፣ እሱም ሙሽሮቹ ያሉበት ማማ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠይቆ እንዳይመታ አዘዘ ይባላል። ያን ጊዜ ንጉሡ ባልድዊን 4ኛ፣ ለምጹ እያሰቃየው፣ ጦር ይዞ ደረሰና ከበባው ተነሳ።

ዘመን ቆጣሪ ያለውን ይኸው ከረክ ራሱ ያረጋግጣል። በ1183 ጦር መጣላቸው፣ ተረፉ። በ1188 አልመጣላቸውም፣ ከዓመት በላይ ተርበው እጅ ሰጡ። ያው ግንብ ነው፣ ያው ድንጋይ።

ዘመን ቆጣሪ

እህቴ ከአማን፣ እኔ በአሥር መስመር ያልኩትን አንቺ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረስሽው። አመሰግናለሁ።

የላስታ ሰው

እኔም ጥያቄ አለኝ፣ በቅንነት ነው የምጠይቀው። ሰላሀዲን ኢየሩሳሌምን ሲይዝ የተሰደዱ የመስቀል ጦረኞች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሠሩ የሚል ወሬ በየጊዜው ይነሳል። ዘመኑ ይገጥማል። ድንጋይ ጠራቢዎችም ነበሩ። ምን ትላላችሁ?

ኖራና ድንጋይ

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ አነሳኸው፣ ምክንያቱም ከሙያ አንጻር ሊመለስ የሚችል ነው።

ቤልቮር ሲሠራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጠራቢው ድንጋዩን መሬት ላይ ይጠርበዋል፤ ከተበላሸ ጥሎ ሌላ ያነሳል። የላሊበላ ጠራቢ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ጣሪያውን አስቀድሞ፣ መስኮቱን ቀጥሎ፣ ወለሉን መጨረሻ። አንድ ዓምድ ከተሰበረ መተኪያ የለውም። ይህ ሌላ አእምሮ፣ ሌላ ልምምድ ነው። ቤልቮርን የሠራ ግንበኛ ላስታ ቢመጣ ከባዶ መማር ነበረበት።

ያ ልምምድ ደግሞ አገራችን ውስጥ ከላሊበላ በፊት አለ። ትግራይ ውስጥ እንደ ውቅሮ ጨርቆስና አብርሃ ወአጽብሃ ያሉት ከእሱ ይቀድማሉ። የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ ተመልከት፤ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የሚሠሩበትን የአክሱም ግንባታ ነው አለቱ ላይ የቀረጸው። ያን የሚያስታውስ የአክሱምን ቤት የሚያውቅ ሰው ነው።

በላሊበላ ዘመን ኢየሩሳሌም መውደቋ በአገራችን ትልቅ ነገር ነበር ይባላል። መሮውን የያዘው ግን የእኛ ሰው ነው። ይህን ስል ስሜት አይደለም የሚያናግረኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ነው።

የላስታ ሰው

እግዜር ይስጥልኝ። ለልጆቼ የማሳየው መልስ አገኘሁ።

የደንቢያ ልጅ

የፋሲል ግንብስ? ማማ አለው፣ ወፍራም ግድግዳ አለው። ከእነዚህ ጋር ይዛመዳል?

ኖራና ድንጋይ

በመልክ ትንሽ፣ በሥራ አይዛመድም። ከቤልቮር ከ400 ዓመት በላይ ይራራቃሉ። ፋሲል ቤተ መንግሥት ነው። ሰፊ መስኮትና በረንዳ አለው። ከበባ የሚጠብቅ ሰው ሰፊ መስኮት አያወጣም። ቤልቮር ውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳየው የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ነው፤ ከውስጥ ሰፊ፣ ከውጭ ክንድ እንኳ የማያስገባ።

ዘመን ቆጣሪ

ከ1189 በኋላ ያለውን ማንም አላነሳም፣ እኔ ልበል። ሰላሀዲን ቤልቮርን አላፈረሰውም። ያፈረሰው የወንድሙ ልጅ አልሙአዘም ኢሳ ነው፣ ከ1217 ጀምሮ ባሉት ዓመታት። የመስቀል ጦረኞች ተመልሰው እንዳይጠቀሙበት ፈርቶ ነው። የላይኛው ፎቅ፣ ጸሎት ቤቱም ጭምር፣ ያን ጊዜ ወረደ። በ1240ዎቹ መጀመሪያ በስምምነት ለአጭር ጊዜ ወደ ክርስቲያኖቹ ተመለሰ፣ ግን መልሰው አልገነቡትም።

ጸሎት ቤቱ ከሌላው በድንጋዩ ይለያል። ግንቡ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ለጸሎት ቤቱ ነጭ የኖራ ድንጋይ አመጡ። ባዛልት ላይ ፊት መቅረጽ ይከብዳል፣ የኖራ ድንጋይ ግን ለቀራጭ ይታዘዛል። ከፍርስራሹ መሃል የመልአክ ቅርጽ ተገኝቷል።

በኋላ ዘመን ፍርስራሹ ውስጥ የአረብ መንደር ነበር፣ ከውከብ አልሀዋ። ሰዎቹ በቅስቶቹ ሥርና በላያቸው ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። በ1948 ጦርነት ለቀው ሄዱ፣ መንደሩም ፈረሰ። በ1966 ቁፋሮ ሲጀመር የቤቶቹ ፍርስራሽ ተነስቶ የዛሬው ግንብ ወጣ። ስለ ቤልቮር ሲወራ የ20 ዓመቱ የመስቀል ጦረኞች ዘመን ብቻ ይተረካል። እዚያ ልጅ ወልደው ያሳደጉትንም መጥራት ይገባል።

የአፉላው ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ሒጢን ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። «ጦሩ አልቆ ነበር?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ያውቁ ነበር?» አሉ። ያውቁ ነበር አልኳቸው። ብዙ ሰዓት አልተናገሩም።

ከዚያ ነጩን ድንጋይ ጠየቁኝ። ጸሎት ቤቱ ከየትኛው ማማ በላይ እንደነበር ማየት ይፈልጋሉ። የሚያውቅ አለ?

ኖራና ድንጋይ

ከውስጠኛው ግንብ የምዕራብ በር በላይ ነበር፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ። በሩ ሥር ስትቆሙ ቀና በሉ፣ ባዶ ሰማይ ነው የምታዩት፤ እዚያ ነበር። ጠዋት ሂዱ፣ ነፋሱ ሳይበረታ። ለአባትህም በትር ያዝላቸው፣ የጓሮ በሩ ደረጃ ያንሸራትታል።

የአፉላው ልጅ

ዓርብ እንሄዳለን። ክር አስይዘኝ ብለውኛል፣ የጉድባውን ግድግዳ ውሃ ልክ ሊያዩት ነው።